የትኛው ታይ ቺ ለየትኛው ጉልበት? ከመጀመር በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ታይ ቺ ከቻይና የትግል ጥበብ የመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ሐኪም «ታይ ቺ ቢሞክሩ ጥሩ ነው» ያለው፣ ወይም ውጭ አገር ያሉ ልጆቹ ቪዲዮ የላኩለት ሰው መጀመሪያ የሚጋፈጠው የስም ብዛት ነው። ቼን፣ ያንግ፣ ሱን፣ አንድ ሳይሆን ሁለት «ው» (ዓይነቶቹን የመሠረቱት ቤተሰቦች ስም ነው)፤ በዚያ ላይ በእንቅስቃሴ ብዛት የተሰየሙት ባለ 8፣ ባለ 24፣ ባለ 37፣ ባለ 108። አንዱ ቪዲዮ ላይ ነጭ ሐር የለበሱ አዛውንት እንደ ጉም ይንሳፈፋሉ። ሌላው ላይ ወጣቱ መሬቱን በእግሩ እየመታ ይዘላል። ሁለቱም ታይ ቺ ናቸው፣ ማንም አልዋሸም። ግን ደረጃ ሲወርዱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ68 ዓመት እናት በሁለተኛው ቢጀምሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያቆማሉ፤ «ታይ ቺ ለእኔ አይሆንም» ብለውም ይቀራሉ። ያልሆነላቸው ዓይነቱ ነበር።

«ዋናውና እውነተኛው የኛ ነው» የሚለውን የቤተሰቦች ክርክር ለቤተሰቦቹ እንተወውና ለእርስዎ ሰውነት፣ ቤትና ጊዜ የሚስማማው የቱ እንደሆነ እንይ። ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ስሙና ሐሳቡ

ሙሉ ስሙ ታይጂጩዋን ነው። «ታይጂ» ታላቁ ጫፍ፣ የመጨረሻው ዳርቻ እንደ ማለት ነው፤ «ጩዋን» ቡጢ ነው። በ«ታይ ቺ» ውስጥ ያለው «ቺ» ትንፋሽና ውስጣዊ ኃይል ከሚባለው «ቺ» ጋር አይዛመድም፤ በቻይንኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ የሚጻፉትም በተለያየ ምልክት ነው። እንዲሁም «ያንግ ታይ ቺ» ሲባል የያንግ ቤተሰብ ማለት እንጂ የ«ዪን እና ያንግ» ያንግ አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያምታታ አስተዋዋቂ ሲያጋጥምዎ ሌላ የሚነግርዎንም በጥርጣሬ ይስሙ።

ፍልስፍናው የተጻፈው በመጽሐፍ ቢሆንም የሚሠራው በእግር ነው። ዪን እና ያንግ አንዱ ከሌላው የሚወለዱ፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው የሚጎድል ጥንድ ናቸው። በታይ ቺ ይህ ማለት አንዱ እግር «ሙሉ»፣ ክብደት የተሸከመ፣ ሌላው «ባዶ» ማለት ነው። ሁለቱም እግሮች እኩል ተሸክመው ሰውነት ሲዞር «ድርብ ክብደት» ይባላል፤ በጥንቶቹ የታይ ቺ ጽሑፎች እንደ ዋና ጥፋት ተቆጥሯል። ምክንያቱ ለተዋጊው ግልጽ ነው፦ የሚነሳ እግር የለውምና ሲገፉት ይወድቃል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለን፤ ክብደት ተሸክሞ የሚጠማዘዝ ጉልበት ይጎዳል። ፈላስፋውና የአጥንት ሐኪሙ እዚህ ላይ ይስማማሉ።

ሁለተኛው ሐሳብ ኃይልን በኃይል አለመመከት ነው። ሲገፉህ ዞር በልና ገፊው በራሱ ግፊት ይለፍ። በአራት ሊያንግ ሺህ ጂን ይንቀሳቀሳል የሚለው የቆየ አባባል (ሁለቱም የክብደት መለኪያዎች ናቸው) ይህንኑ ይላል። ዝግታውም የመጣው ከዚህ ነው፤ ፈጥኖ የሚሠራ ሰው የራሱን ግትርነት አያየውም።

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚጠይቀው ግን በድምፅ የማያወጣው ጥያቄ አለ፦ «ሃይማኖት አለበት ወይ?» ቃላቱ ከዳኦና ከኮንፊሽየስ አስተሳሰብ የተወረሱ ናቸው፤ እንቅስቃሴው ግን ጸሎት፣ ስግደትም ሆነ ስም መጥራት የለውም። ባለ 24ቱን ፎርም ያዘጋጀው የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን ነው፤ በ2020 ዩኔስኮ ታይጂጩዋንን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር አስገብቶታል። አንዳንድ አሠልጣኞች ግን ከራሳቸው ዕጣንና ዝማሬ ይጨምራሉ። የማይመችዎ ከሆነ ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ፤ ያለ እነዚህ የሚያስተምር ሞልቷል።

በምን እንመዝን?

ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ የአቋቋም ዝቅታ ነው። ጉልበት በታጠፈ ቁጥር በጉልበት ሎሚና ከሎሚው ሥር ባለው ለስላሳ አጥንት ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ማንኛውንም ፎርም ከፍ ብሎ መሥራት ይቻላል፤ ሆኖም አንዳንዱ ዓይነት የተገነባው በዝቅታ ላይ ስለሆነ ከፍ ሲያደርጉት ቅርጹ ይፈርሳል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው ድንገተኛ ነገር ነው፦ ዝላይ፣ ርግጫ፣ መሬት መምታት፣ በአንድ እግር መቆም። ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። ፎርም ማለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ሰንሰለት ነው፤ የረዘመውን ለመያዝ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አራተኛው ቦታ፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ከሶፋና ከቡፌ የተረፈ ስንት ሜትር አለው? በክረምት ውጭ መሥራት አይታሰብምና ይህን አይናቁት። አምስተኛው ያለ አሠልጣኝ መማር መቻሉ ነው። ስድስተኛው ደግሞ የጤና ጥቅሙ የተፈተነው በዚያው ዓይነት ላይ መሆኑ።

ዕቃ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ታይ ቺ የሚፈልገው ስስና ጠፍጣፋ ሶል ያለው ጫማ ብቻ ነው፤ ተራ ሸራ ጫማ ይበቃል። የሩጫ ጫማ አይሁን። ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ቁርጭምጭሚቱን ያወዛውዛል፣ መሬቱንም አጥብቆ ስለሚይዝ እግር ሲዞር ጠመዝማዛው ጉልበት ላይ ይቀራል። በካልሲ ብቻ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ መሥራት ደግሞ የመውደቅ ግብዣ ነው።

መጀመሪያ ራስዎን ይፈትሹ

ሁለት ፈተናዎች ይበቃሉ። አንደኛው፦ ክንድ የሌለው ወንበር ግድግዳ ያስደግፉ፣ ይቀመጡ፣ እጆችዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንቴ ሙሉ በሙሉ እንደሚነሱ ይቁጠሩ። ከ65 እስከ 69 ዓመት ባለው ዕድሜ ወንድ ከ12 በታች፣ ሴት ከ11 በታች ከሆነ እግር ደክሟል ማለት ነው። ሁለተኛው፦ አጠገብዎ የሚይዙት ነገር ይኑር፤ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አስነክተው በአንድ መስመር ይቁሙ። 10 ሰከንድ ካልቆዩ የመውደቅ አደጋዎ ከፍ ያለ ነው።

ሁለቱንም ያለፈ ሰው ምርጫው ሰፊ ነው። አንዱን ያላለፈ ከሱን ወይም ከአጫጭሮቹ ይጀምር። ሁለቱንም ያላለፈ፣ ባለፈው ዓመት የወደቀ፣ የአጥንት መሳሳት ያለበት ወይም ሲነሳ የሚያዞረው ሰው ሐኪሙን ካማከረ በኋላ፣ ከባድ ወንበር ጀርባ ይዞ ወይም ተቀምጦ ይጀምራል። መቋሚያና ምርኩዝ ለዚህ አይሆኑም፤ ጫፋቸው ይንሸራተታል፣ አንዱን ትከሻም ከፍ ያደርጋሉ።

አማራጮቹ

*ያንግ፣ ባለ 24።* ያንግ ሉቻን (1799–1872) ከሄቤይ ክፍለ ሀገር ነው። በሄናን፣ ቼንጂያጎው በምትባለው የቼን ቤተሰብ መንደር ተምሮ በኋላ ቤጂንግ አስተማረ። የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ (1883–1936) ዝላዩንና ፍጥነቱን አስቀርቶ ሰፊ፣ እኩል ፍጥነት ያለውና ዝግ ያለ አደረገው። ዛሬ ሰው «ታይ ቺ» ሲል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣው ይህ ነው። በ1956 የስፖርት ኮሚሽኑ ከዚህ ድግግሞሹን አውጥቶ ባለ 24ቱን ሠራ፤ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይወስዳል።

ብርታቱ መስፋፋቱ ነው። ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ቢሄዱ ያንኑ ፎርም የሚሠራ ቡድን አያጡም፤ ቪዲዮውም የትየለሌ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚማር ሰው ቅደም ተከተሉን ከ4 እስከ 6 ወር ይይዘዋል። ቦታ ግን ይፈልጋል፤ ወደ ጎን ስለሚጓዝ አራት አምስት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ወርድ።

ችግሩ ያለው በተወሰኑ ቁጥሮች ላይ ነው። 13ኛውና 15ኛው የተረከዝ ርግጫዎች ናቸው። 16ኛውና 17ኛው ይበልጥ ይከብዳሉ፤ «እባቡ ይወርዳል» እስከ መሬት የሚያስጎነብስ ነው፣ ወዲያው ደግሞ «አውራ ዶሮ በአንድ እግር» ይከተላል። ጉልበቱ ያልጠነከረ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ርግጫውን ጣትን መሬት በማስነካት፣ እባቡን እጅን ብቻ ዝቅ በማድረግ ይተኩት። ፎርሙ አይበላሽም። አሠልጣኝዎ «አይፈቀድም» ካለ የሚያዘጋጅዎ ለውድድር ነው ማለት ነው።

*የያንግ ረጅሙ ፎርም።* 85፣ 103፣ 108 የሚባሉት ሦስት ፎርሞች አይምሰሉዎ። በአብዛኛው ያው አንድ ፎርም ነው፣ የተለያየው አቆጣጠሩ ነው። ስለዚህ ባለ 108 ከባለ 85 «ይበልጣል» ብሎ የሚያስከፍል ካለ ይሳቁበት። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ብዙ ድግግሞሽ ስላለው ከያዙት በኋላ አእምሮን ያሳርፋል፤ እስኪይዙት ድረስ ግን ድግግሞሹ ራሱ ያሳስታል፤ «ደመና እጆች» ከሚባለው እንቅስቃሴ በኋላ የትኛው ክፍል ላይ እንደነበሩ ይጠፋዎታል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ቢመጡበት ጥሩ ነው። ባለ 37ቱ ዜንግ ማንቺንግ (1902–1975) ያሳጠረው ነው፤ ሰውየው በ1964 ኒው ዮርክ ስለ ገባ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ተከታይ አለው። ልስላሴን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ለትዕግሥተኛ ሰው ነው።

*ቼን።* ከሁሉ የቆየው ነው፤ መነሻው ከ17ኛው ክፍለ ዘመኑ ቼን ዋንግቲንግ ጋር ይያያዛል። ቼን ፋኬ በ1928 ቤጂንግ ገብቶ እስኪያስተምር ድረስ ከመንደሩ ብዙም አልወጣም ነበር። መለያው «ሐር መፍተል» ይባላል፤ ኃይሉ ከእግር ተነስቶ በወገብ በኩል እስከ ጣት እየተጠማዘዘ ይወጣል። እንዝርት ያየ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል። ዝግታና ፍንዳታ ይፈራረቁበታል፣ መሬት ይመታል፣ ይዘላል፣ እስከ ወለል ይወርዳል።

ጤነኛ ጉልበት ላለው፣ ላብ ለሚፈልግና ዝግ ያለው ለሚሰለቸው ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም። ግን ከቪዲዮ አይማሩት። ጠመዝማዛው ከዳሌ መምጣት ሲገባው ከቪዲዮ የተማረ ሰው ከጉልበት ያመጣዋል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እጅ ብቻ ነውና ስህተቱ አይታይም። ጥሩ አሠልጣኝ መጀመሪያ ለወራት ፎርሙን ሳይሆን የአንድ እጅ ክብ ብቻ ሊያሠራዎ ይችላል። ያ ሰው እያጭበረበረዎ አይደለም። ወደ 18 እንቅስቃሴ ያላቸው አጫጭር የቼን ፎርሞችም ስላሉ በዋናው ረጅም ፎርም መጀመር ግዴታ አይደለም።

*ሱን።* ሱን ሉታንግ (1860–1933) ታይ ቺን የተማረው ሺንግዪ እና ባጓ የሚባሉ ሌሎች ሁለት የትግል ጥበቦችን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ሦስቱን አዋሐደ። ውጤቱ ከሁሉ ከፍ ያለ አቋቋምና «ተከታይ እርምጃ» ነው፤ አንዱ እግር ሲራመድ ሌላው ወዲያው ይከተለዋል። ረጅም የቀስት አቋቋም (የፊት እግር ታጥፎ፣ የኋላው ተዘርግቶ መቆም) ላይ መቆየት ስለሌለ ጉልበት ይተነፍሳል። በእንቅስቃሴዎቹ መካከል እጆች ደረት ፊት ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ትንፋሽን ለማስተካከል የሚመች ነው። የሲድኒው ሐኪም ፖል ላም በ1997 ለመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ያዘጋጀው አጭር ፕሮግራም መሠረቱ ይህ ነው።

ለታመመ ጉልበት የመጀመሪያ ምርጫችን ይኸው ነው። ጉድለት ግን አለው። ተከታዩ እግር በፍጥነት መነሳት ስላለበት በስኳር ሕመም የእግሩ ጣት የደነዘዘ ሰው ምንጣፍ ላይ ሊደናቀፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው በጠንካራ ወለል ላይ፣ ጫማ አድርጎ፣ እርምጃውን አሳጥሮ ይሥራ። ሙሉው የሱን ፎርም 97 እንቅስቃሴ አለው፤ አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም።

*ሁለቱ «ው»።* በእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ በቻይንኛ ግን ድምፃቸውም ጽሕፈታቸውም የተለያየ ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። የው ጂያንጩዋን (1870–1942) «ው» ትንንሽ ክቦች አሉት፤ እግሮቹ ትይዩ ናቸው፣ አካሉ ከኋላ ተረከዝ እስከ ራስ ቅል አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ወደ ፊት ያዘነብላል። ለጠባብ ክፍል ይመቻል፤ ታችኛው ወገቡን የሚያመው ሰው ግን ያንን ማዘንበል ያለ አሠልጣኝ አይሞክር፣ ከወገብ ጎንበስ ማለት ሆኖበት ያርፋል። የው ዩሺያንግ (1812–1880) «ው» ደግሞ ቀጥ ያለና እጅግ የታመቀ ነው። አሠልጣኝ ማግኘት ስለሚከብድ ከዚህ በላይ አናቆይዎ፤ ሱን የተወለደው ከዚህ መስመር መሆኑን ብቻ ይያዙ።

*ባለ 8፣ ባዱዋንጂን እና ተቀምጦ የሚሠራው።* ባለ 8ቱ በ1999 ለጀማሪ የተዘጋጀ የያንግ አጭር ፎርም ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ይበቃዋል። «ስለ አጠረ ቀላል ነው» አይበሉ፤ ርግጫና በአንድ እግር መቆም በውስጡ አሉ። ባዱዋንጂን ታይ ቺ አይደለም፤ ከቺጎንግ (የቻይና የትንፋሽና የሰውነት ልምምድ) ወገን የሆነ ስምንት እንቅስቃሴ ነው፣ በአንድ ቦታ ቆመው ይሠሩታል። በአንድ ሳምንት ይለመዳል። እርምጃ ስለሌለው ግን ለሚዛን የሚሰጠው ልምምድ ያነሰ ነው፤ ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው ሲራመድና ሲዞር ነውና ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። እግርን ለመያዝ የሚያጎነብሰውን እንቅስቃሴ የአጥንት መሳሳት ያለበትና የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው ይተወው። ተቀምጦ የሚሠራው ታይ ቺ ትከሻን፣ ትንፋሽንና አከርካሪን ያነቃቃል፤ እግርን ግን ያጠነክራል ብለው አይጠብቁ።

| ዓይነት | አቋቋም | በጉልበት ላይ ያለው ጫና | የሚፈልገው ቦታ | ቅደም ተከተሉን ለመያዝ | ያለ አሠልጣኝ |
|---|---|---|---|---|---|
| ያንግ ባለ 24 | መካከለኛ | መካከለኛ፤ ከ13 እስከ 17 ከባድ | 5 ሜ. በ2 ሜ. | ከ4–6 ወር | በጥንቃቄ ይቻላል |
| ያንግ ረጅሙ | መካከለኛ | መካከለኛ፣ ግን ረጅም | ሰፊ | 1 ዓመት ገደማ | አይመከርም |
| ቼን | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ሰፊ፣ የማያንሸራትት | 1 ዓመትና ከዚያ በላይ | አይሞከርም |
| ሱን (አጭሩ) | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | 3 ሜ. በ2 ሜ. | ከ2–3 ወር | ይቻላል |
| ው (የጂያንጩዋን) | መካከለኛ | መካከለኛ፤ ወገብ ይጠንቀቅ | ጠባብ | ከ6–12 ወር | አይመከርም |
| ባለ 8 | መካከለኛ | መካከለኛ | 2 ሜ. በ2 ሜ. | ከ1–2 ወር | ይቻላል |
| ባዱዋንጂን | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | የቆሙበት | 1 ሳምንት | ይቻላል |

የጊዜውና የቦታው ቁጥር በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለሚሠራ ጀማሪ የተገመተ ነው፤ ቅደም ተከተሉን መያዝና በደንብ መሥራት ለየቅል ናቸው።

ጥናቱ የተሠራው በየትኛው ላይ ነው?

«ታይ ቺ ለጤና» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይህን አይነግሩዎትም። በጥናቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው የያንግ ዘር ነው። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን፣ የመውደቅ አደጋ ያለባቸውን 670 ሰዎች ለስድስት ወር ተከታተለ፤ ከባለ 24ቱ የተወሰዱ ስምንት እንቅስቃሴዎችን የሠሩት ሰውነት ማፍታታት ብቻ ከሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ የወደቁበት ጊዜ በ58 በመቶ አነሰ። በ2016 በ204 የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምተኞች ላይ የተሠራው ደግሞ የያንግን ታይ ቺ ከፊዚዮቴራፒ ጋር አስተያየ፤ ከ12 ሳምንት በኋላ ሕመሙ በሁለቱም በተመሳሳይ መጠን ቀነሰ። በ2012 በ195 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ለ24 ሳምንት የተሠራው ሚዛን እንደሚሻሻል አሳየ። በ2024 በቻይና የታተመው ደግሞ የደም ግፊታቸው ወደ ላይ መውጣት የጀመረ 342 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል፤ ባለ 24ቱን የሠሩት የላይኛው ቁጥር በ7 ያህል ወረደላቸው፣ ሩጫና ብስክሌት የመሰለውን የሠሩት በ4.6 ያህል። ይህ መድኃኒት ለጀመረ ሰው «ክኒኑን ተው» ማለት አይደለም። ሱን በመገጣጠሚያ ሕመም ላይ በኮሪያ ተፈትኖ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። የቼን ፍንዳታና ዝላይ ግን ለታመመ ሰው ይጠቅማል የሚል ማስረጃ አይጠብቁ።

ውፍረት ለመቀነስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ታይ ቺን ባይመርጥ ይሻለዋል። የሚያስወጣው ኃይል ከፈጣን እርምጃ ያነሰ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ እንጦጦን መውጣት ይበልጠዋል። የታይ ቺ ሥራው እግር፣ ሚዛንና ትንፋሽ ላይ ነው።

ሲበላሽ ለምን ይበላሻል?

ከማንኛውም ፎርም በፊት ሊለመድ የሚገባው አንድ እርምጃ ነው። በትከሻ ስፋት ይቁሙ፣ ጉልበት በትንሹ ይላላ። ክብደትዎን በሙሉ በቀኝ እግር ላይ ያድርጉ፤ የግራው ተረከዝ በራሱ ቀለል ብሎ ይነሳል። ግራውን ወደ ፊት አውጥተው ተረከዙን ያሳርፉ፣ ክብደት ግን አይስጡት። አሁን ይፈትሹት፦ ሰውነትዎን ሳያንቀሳቅሱ እግሩን መልሰው ማንሳት ይችላሉ? ከቻሉ እርምጃው ልክ ነው። ካልቻሉ ወድቀውበታል እንጂ አልረገጡትም፤ ያሳጥሩት። ከዚያ እግሩን ጠፍጣፋ አሳርፈው ቀስ ብለው 70 በመቶ ያህል ክብደት ያሻግሩ። በየቀኑ 10 ደቂቃ ለሁለት ሳምንት ይህን ብቻ የሠራ ሰው ፎርሙን ሲጀምር ከሌላው ይቀድማል።

በሁለተኛው ወር የሚመጣው የጉልበት ሕመም በአብዛኛው ከሦስት ቦታ ነው። ጉልበት ወደ ውስጥ መውደቅ፦ የጉልበት ሎሚ ሁልጊዜ ወደ ሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ይመልከት። ክብደት ተሸክሞ መዞር፦ መጀመሪያ ክብደቱን ወደ ኋላ ይመልሱ፣ ጣቶቹን አንስተው በተረከዝ 45 ዲግሪ ያዙሩ፣ ከዚያ ብቻ ይሻገሩ። ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ፦ ወደ ፊት ከሚገባው በላይ ሄደዋል ማለት ነው። ሌላው የተለመደ ጥፋት ሁለቱን እግሮች በአንድ መስመር ላይ ማሳረፍ ነው፤ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ያወዛውዛል። በቀስት አቋቋም በሁለቱ ተረከዞች መካከል በጎን የትከሻ ስፋት ይቅር።

ትከሻ ለእኛ ልዩ ጉዳይ ነው። እስክስታ ትከሻን ከወገብ ነጥሎ ያንቀሳቅሳል፤ ታይ ቺ ተቃራኒውን ይፈልጋል፣ ትከሻ ወርዶ ይተኛል፣ ወገብ ሲዞር አብሮ ይዞራል። በእስክስታ ያደገ ሰው «ደመና እጆች» ላይ ሳያውቀው ትከሻውን ይሰብቃል። ክርንን ወደ መሬት ማሰብ ያስተካክለዋል። ትንፋሽን ደግሞ አይቁጠሩ፣ አይያዙትም፤ በአፍንጫ ይግባ ይውጣ። ከመጀመሪያው ቀን ትንፋሽን ከእያንዳንዱ እጅ ጋር ለማስማማት የሚታገል ጀማሪ ሳያውቀው ያፍነዋል፣ የደም ግፊቱም ይወጣል።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

ገንዘብ ማውጣት የማይችልና አሠልጣኝ አጠገቡ የሌለ ሰው ባዱዋንጂንን ለአንድ ወር፣ ከዚያ አጭሩን ሱን ወይም ባለ 8ቱን ከቪዲዮ ይያዝ። ቪዲዮው አስተማሪውን ከጀርባ የሚያሳይ ይሁን፤ ከፊት የሚያሳየው ግራና ቀኝን ያገላብጥብዎታል። በየሁለት ሳምንቱ ራስዎን በስልክ ይቅረጹ፣ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፣ እጅዎን ሳይሆን ጉልበትዎን ይመልከቱ።

ጥቂት መክፈል የሚችል ሰው ገንዘቡን ለወር ሙሉ ትምህርት ከሚያፈሰው በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ለሚያርመው አሠልጣኝ ይክፈል። በመካከሉ የሚበቃው ልምምድ አለው። ሙሉ ትምህርት መከታተል የሚችል፣ ጉልበቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በባለ 24ቱ ይጀምር። ዕድሜው ከ40 በታች ሆኖ የትግል ጥበቡን የሚፈልግ ሰው ቼንን ቢመርጥ አንከለክለውም፤ አሠልጣኙ ሁለት ሰው ተፋጥጦ የሚሠራውን የመግፋት ልምምድ ማስተማሩን ያጣራ፣ ያለ እሱ ቼን ጭፈራ ይሆናል።

ወላጆቻቸው አሜሪካ ያሉ ሰዎች በአካባቢው ያለውን ሲኒየር ሴንተር (የአረጋውያን ማዕከል) ይጠይቁ። «ታይ ቺ ፎር አርትራይተስ» ወይም «ሙቪንግ ፎር ቤተር ባላንስ» የሚሉ ክፍሎች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚሰጡበት ቦታ ብዙ ነው። ታይ ቺ በዓይን የሚማሩት ስለሆነ እንግሊዝኛ አለማወቅ ትልቅ እንቅፋት አይደለም፤ እርማቱ ግን በቃል ነውና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ልጅ ወይም ዘመድ አብሮ ሄዶ ያስተርጉም። በተለይ «ያማል?» የሚለውን ጥያቄ። እማማ ሰው ፊት «ደህና ነኝ» ማለት ስለሚቀናቸው መልሱን ከፊታቸው ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

አሠልጣኙን ለመመዘን አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው ይመልከቱ። ከጀርባ ያሉ አዛውንቶች ከፊት እንዳሉት ወጣቶች ዝቅ እንዲሉ ይገደዳሉ? አሠልጣኙ ካንሰር ይፈውሳል፣ ሳይነካ ሰው ይጥላል ይላል? ይውጡ። ካልሆነ በመጨረሻ ቀርበው «ጉልበቴን ያመኛል» ይበሉት። «ይለምደዋል» ካለ ሌላ ይፈልጉ። ጎንበስ ብሎ እግርዎን ካየ፣ የትኛው ጎን፣ ሲወጡ ነው ሲወርዱ ብሎ ከጠየቀና አቋቋምዎን ከፍ ካደረገልዎ ስምዎን ያስመዝግቡ።